እንሶስላው እስኪደርቅ

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ወረቀቱን ዛሬ ወጠርኩት። ሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ሰሌዳው ላይ አስተኝቼ፣ አራቱን ጠርዝ ሙጫ ባለው ወረቀት ለጠፍኩ። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ውሃ ቢፈስበት አይጨማደድም። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ነው፤ ስዕሉ አልቆ እስኪደርቅ ወረቀቱ ከሰሌዳው አይነሳም። ያለ ጊዜው ከተነሳ ይጠቀለላል።

በየክረምቱ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አንድ አበባ እስላለሁ። የዘንድሮው እንሶስላ ነው። ጎረቤቴ ስህን ከጓሮዋ፣ ከውሃ መውረጃው ዳር ቆርጣ አመጣችልኝ።

«ሥሩን ለእጅሽ ነው ወይስ አበባውን ለዓይንሽ?» አለች።

«ለዓይኔ።»

«እንሶስላን ለዓይኑ የምትፈልግ ሴት ካንቺ ሌላ አላየሁም።»

እውነቷን ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥሩን ነው፤ ተቀጥቅጦ እጅና እግር የሚያቀላውን። አበባው ነጭ ነው። ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ሰረዞች አሉት፤ ከጀርባው እንደ ጅራት የቀጠነ ረጅም ነገር ወርዶ ይታጠፋል። በእርሳስ ነድፌ ጨርሻለሁ። እያንዳንዱ ሰረዝ በቦታው ነው።

ከወረቀቱ ስር ሌላ ነገር አለ። ዛሬ አልጽፈውም።


ሐምሌ 20፣ እሁድ

ልጄ ኢንሳፍ ከጠዋት ጀምሮ የጠፋባትን ትፈልጋለች። ሳጥኗን ገለበጠች። ፍራሹን አነሳች። እኔም አብሬ ፈለግሁ። ቁም ሣጥኑን አብረን ገፋን። ከጀርባው የአባቷ የቆመ ሰዓት ተገኘ።

«አብሽሪ፣ ይገኛል» አልኳት።


ሐምሌ 21፣ ሰኞ

መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩት አፌ ያመልጠኛል።

ከወረቀቱ ስር ያለው የኢንሳፍ ፓስፖርት ነው። ዓርብ ከሰዓት ሱቅ ስትሄድ ከሳጥኗ አወጣሁት። በፌስታል ጠቅልዬ በማግስቱ ሰሌዳው መሀል አስቀመጥኩና እርጥቡን ወረቀት አለበስኩት። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ሌላ የት ይደበቃል?

ልጄ ሃያ ዓመቷ ነው። አንድ ናት። የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሁለት ጊዜ ወሰደች፣ ሁለቴም አላለፈችም። ከዚያ ዝም አለች። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ እያጠናች መስሎኝ ነበር፤ እሷ ለካ ደሴ እየተመላለሰች የቤት አያያዝ ትሰለጥናለች። አሻራ ሰጠች። ሐኪም መረመራት። ሁሉን ከጨረሰች በኋላ ነው የነገረችኝ። ኤጀንሲው ሪያድ ቤተሰብ አግኝቶላታል። እስከ ጳጉሜን 3 ፓስፖርቱን ካላስረከበች ቦታው ለሌላ ሴት ይሰጣል።

«እማ፣ የምለምንሽ ፈቃድ አይደለም» አለችኝ ያን ቀን። «ዱዓ ነው።»

እኔ አልሰረቅሁም። አስቀመጥኩ። እስከ ጳጉሜን 4 ብቻ። ያን ጊዜ ወረቀቱን እቆርጣለሁ፤ ከመጻሕፍቱ መሀል ተገኘ እላለሁ። ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። መስከረም ሲጠባ ሌላ ነገር እናስባለን።

ፌስታሉ ቀዳዳ አለው? ሳልፈትሽ ነው የጠቀለልኩት።


ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

የመጀመሪያውን ቀለም ለቀቅሁ። ነጭ አበባ በውሃ ቀለም አይቀባም። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ የሚቀባው ዙሪያው ነው። ስስ አረንጓዴ ከግራ ወደ ቀኝ ነዳሁ።

መሀል ሲደርስ ቆመ። በማስመሪያ እንደተሰመረ ቆመ። ከዚያ በጎን ሄደ፤ ማዕዘን ላይ ታጠፈ፤ እንደገና ቀጥ ብሎ ወረደ። ቀለሙ ዳር ዳሩን ተጠራቅሞ ጠቆረ።

በሩን ዘጋሁ። ብሩሹን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት፤ መጥረጊያ ጨርቁ አጠገቤ ሳለ።

ግራውን መስመር ግንድ አደረግሁት። የእንሶስላ ግንድ ቀጥ ያለ ነው፤ ውሸት አልሳልኩም። ማዕዘኖቹን ግን ምን ላድርጋቸው?


ሐምሌ 27፣ እሁድ

አንዱን ማዕዘን በቅጠል ሸፈንኩት። ሌላኛው እንቢ አለ። በእርሳስ ከነደፍኩት ውጭ ሁለት ቅጠል ጨመርኩ። ከነደፍኩት ወጥቼ አላውቅም ነበር።

ኢንሳፍ ከኋላዬ ቆመች። ትንፋሽዋ አንገቴ ላይ።

«እማ፣ ይሄ አበባ ሳጥን ውስጥ ነው እንዴ የበቀለው?»

«ገና ነው።»

«የድሮዎቹ አበቦችሽ እኮ ለመታወቂያ ፎቶ የሚነሱ ነው የሚመስሉት። ቀጥ ብለው፣ ጆሯቸው እየታየ።» ሳቀች። ከጠፋባት ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። «ይሄኛው አልቆም ብሏል።»

ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ጠፋብኝ ብላ ታመለክታለች። ከኤጀንሲው ደውለው ምትኩ ለመውጣት ወራት ይፈጃል አሏት። ሲነግሯት አጠገቧ ነበርኩ። ወራት የሚለውን ቃል ስሰማ ፊቴን አዞርኩ።


ነሐሴ 2፣ ዓርብ

የደሴ መንገድ ሁለት ቀን ተዘግቶ ዋለ። መኪና የለም። ኢንሳፍ ግቢ ውስጥ ትመላለሳለች። እኔ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ በተጨነቀበት ቀን ደስ አለኝ።

ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ከጆንያው ወዲያ ያወራሉ። አላዩኝም።

«ቲቸሯ ልጇን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው የያዘቻት። የወደደችውን ትጽፋለች፣ የጠላችውን ታጠፋለች።»

«አሁን ያቺ ልጅ ባታልፍ ምን ይገርማል? ስታጠናም እናቷ ከጎን ሆና ስታርማት ነው የኖረችው።»

ስለ ሌላ ቲቸር ይሆናል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ብዙ ቲቸር አለ።


ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ስህን መጣች። ፍልሰታ ስለሆነ ከንፈሯ ደርቋል።

«ጎረቤቱን ሰብስበን ወዳጃ እናስቀምጥ» አለች። «እንደዚህ ያለ ነገር ያለ ዱዓ አይገኝም።»

«ኧረ ሰው አናስቸግር።»

«ምን ሆነሻል ኩልሱም? ልጅሽ አይደለችም እንዴ? እኔ ክርስቲያኗ ሮጬ ሼህ ሙአዊያን አስፈቅጃለሁ፤ አንቺ ሰው አናስቸግር ትያለሽ።»

ወዳጃው ሐሙስ ነው።


ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሄደዋል።

አስራ አንድ ሴቶች መጡ። ሳሎኑ ጠበበ። ሰሌዳውን ወደ መኝታ ቤት ላስገባ ስል ኢንሳፍ «ተይው፣ ግድግዳው ላይ ይደገፍ» አለች። ስዕሉን ወደ ግድግዳው አዙሬ አቆምኩት። ሼህ ሙአዊያ ገቡ። ወገባቸውን ያማቸዋል። ትራስ አቀረብኩላቸው። ትራሱን ወደ ጎን አድርገው ሰሌዳውን ተደገፉ።

«ይሄ ይሻለኛል፤ ደረቅ ነገር ነው የምወደው» አሉ።

ጫቱ ዞረ። ስህን ዘጠኝ ሰዓት ስላልሞላ ምንም ሳትቀምስ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሼሁ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ የጠፋውን ካለበት አውጣው።»

«አሚን።»

«ውሃ ውስጥም ቢሆን፣ ድንጋይ ስርም ቢሆን።»

«አሚን።» ስህን ከበሩ «አሜን» ትላለች። ድምፅዋ ከሁሉም ይጎላል።

«እናትና ልጁን ከጭንቅ ገላግላቸው።»

«አሚን።»

አንዷ፣ ከመንገድ ማዶ ያለችው፣ አልቻለችም። «ሼሃችን፣ የወሰደው ሰው ካለስ? እጁ ይድረቅ በሉልን እንጂ!» ሴቶቹ አጉረመረሙ። ይድረቅ፣ ይድረቅ። ኢንሳፍም አለች። ሰማኋት።

ሼህ ሙአዊያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም። እጅ ሲደርቅ የያዘውን ጨብጦ ነው የሚደርቀው። ያ ረቢ፣ የወሰደው ካለ ልቡን አርጥበው።»

«አሚን» አልኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ሌሎቹ በእርግማኑ መቅረት ተከፍተው ዘግይተዋል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስህን እጄን ያዘች። «እናት ናት እኮ» አለቻቸው።

ሲወጡ ሼሁ ሰሌዳውን እየደገፉ ተነሱ። ወረቀቱ በእጃቸው ክብደት እንደ ከበሮ ድም አለ።


ነሐሴ 9፣ ዓርብ

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ልጻፍ።

እህቴን ዙሌይካን እያሰብኩ አይደለም። ግን ልጻፈው። ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት ከአምባሰል ወርዳ መጣችና ጂዳ ልሄድ ነው አለችኝ። አስራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዕድሜዋ አይበቃም። ውጫሌ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ይለዋል። ሃያ አምስት ብዬ ጻፍኩ። አልለመነችኝም። ለእሷ የሚሻለውን እኔ አውቄ ነው የጻፍኩት። እዚህ ካለችበት እዚያ ይሻላታል ብዬ።

ሁለት ዓመት ደወለች። ስትደውል ምን እንደምትበላ፣ ማን ጋ እንደምትውል፣ መቼ እንደምትመለስ እጠይቃታለሁ። ከዚያ ቁጥሩ አልሠራ አለ። ሞተች ያለኝ የለም። አለች ያለኝም የለም።

ያን ጊዜ መላክ ያወቅኩ እኔ ነኝ። አሁን ማስቀረት የማውቅ እኔ ነኝ። ሁለቱም ጊዜ እርግጠኛ ነበርኩ።

አይ፤ አሁንም እርግጠኛ ነኝ።


ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

የቡሄ ልጆች በር ላይ ጅራፍ ሲያጮኹ ኢንሳፍ ሮጣ ወጣች። በሩ ሲከፈት ነፋሱ መጋረጃውን አነሳው፤ መጋረጃው የብሩሽ መንከሪያውን ኩባያ ጣለው። የቆሸሸ ወይን ጠጅ ውሃ ስዕሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ፈሰሰ።

ጨርቅ ይዤ ደረስኩ። ኢንሳፍ ተመልሳ የእጄን አንጓ ያዘችው።

«ተይው።»

«ይበላሻል!»

«ተበላሽቷል እኮ። እስቲ ይሂድ፤ የት እንደሚደርስ እንይ።»

አየን። ግማሽ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተንበርክከን አየን። ውሃው አረንጓዴውን እየገፋ ሄደ፤ ጫፉ እንደ ጎመን ቅጠል ተሸበሸበ። የአበባው ጅራት ሟሟና ረዘመ፤ ከነደፍኩት መስመር ወጥቶ ወደ ታች ጠርዝ ወረደ። ነጩ አበባ የነበረበት ቦታ ግማሹ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ነጭ ይሆናል ያላልኩት ቦታ ነጭ ቀረ። እጄ እንዳለ እጇ ውስጥ ነው።

«ማሻአላህ» አለች ቀስ ብላ። «እይው እማ። ማንም አልነካውም።»

ትከሻዋ ትከሻዬ ላይ ነበር። በልጅነቷ እንጂ እንዲህ ሆነን አናውቅም። እኔ ግን የማስበው ከወረቀቱ ስር ያለውን ነው። ፌስታሉን። ውሃው ገብቶ ይሆን?


ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

የእስጢፋኖስ ዕለት ነው። የስህን ባል፣ አሻግሬ፣ ወደ ገዳሙ ሲሄድ በእኛ በር አለፈ። ስህን ተስላለች፤ ፓስፖርቱ ከተገኘ ጃንጥላ ልታስገባ። ገዳሙ ሴት ስለማይገባበት ስለቱን በእሱ አፍ ላከች።

«ቲቸር» አለኝ ከአጥሩ ወዲያ፣ «የእናንተ ሼህና የእኛ ሰማዕት ተባብረው ካላገኙት እንግዲህ ፓስፖርቱ ራሱ ዓረብ አገር አልሄድም ብሏል ማለት ነው።»

ሳቅሁ። ኢንሳፍ አልሳቀችም።

እየከሳች ነው። ስልኳን ይዛ ጓሮ ትቀመጣለች። ስቀርብ ታቋርጣለች።


ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ስዕሉ እያደገ ነው። በየቀኑ አረጥበዋለሁ፤ በየቀኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ብሩሹን የምይዘው አሁን ለመቀባት አይደለም፤ ውሃ ለማቀበል ነው። ሰማያዊ ጨመርኩ፣ ወረደና የረጅሙን ጅራት ጫፍ አገኘው፤ እዚያ ተኛ። የሐይቁ ዳር ይመስላል አለች ስህን ስታየው። ኢንሳፍ የሴት ፀጉር ይመስላል ትላለች። ማዕዘኖቹ ግን አልጠፉም። ውሃው የቱንም ያህል ቢዞር ያን ቅርጽ ሲያገኝ ይቆማል። ዳሩ እየጠቆረ መጣ።

ሃያ ሁለት ዓመት ስዬ እንዲህ ያለ ስዕል አልወጣልኝም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ጥሩ ነው። ሕያው ነው።

ስህን ዛሬ «መቼ ነው የሚያልቀው?» አለች።

«ስዕሉ ሲፈቅድ።»

«አንቺ የማንን ፈቃድ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አስራ አምስት ቀን ቀረ። ወሩ ሠላሳ፣ ጳጉሜን ሦስት... አይደለም፤ አስር ቀን ነው። አስር ቀን ብቻ ነው የቀረው።


ነሐሴ 28፣ ረቡዕ



ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጣሁ። ኢንሳፍ ጀርባዋን ሰጥታ ከጓደኛዋ ከሀውራ ጋር በስልክ ታወራለች። የሀውራ ድምፅ አይሰማም፤ የኢንሳፍ ብቻ።

«ፓስፖርት አይጠይቅም ብሎኛል... አዎ፣ ደላላው ራሱ... እስከ ባቲ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር... በባህር ነው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ?... እሁድ ከሰዓት ባጃጅ ይልካል... ለእማ እናንተ ቤት፣ አርዲቦ፣ እሄዳለሁ ብያት ነው... አትንገሪ። ወላሂ ከነገርሻት...»

እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ተመለስኩ። እንደገና አጠብኩት።

በበረሃው ስለሚሆነው ሰምቻለሁ። ሁሉም ሰምቷል። በጀልባው ስለሚሆነውም። በአውሮፕላን ልትሄድ የነበረችውን ልጅ...


ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

መውሊድ። መንዙማው ከመስጊዱ እዚህ ድረስ ይሰማል። እነግራታለሁ። በዓሉ ይለፍ። ነገ።


ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ነገ።

አስራ አንድ ሴቶች። ሼሁ። ስህን ጾሟን ሳትፈታ። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?


ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ ልቆርጠው ምላጩን አወጣሁ። ስዕሉ ገና አልደረቀም። እርጥብ ወረቀት ሲቆረጥ ይተረተራል። እስኪደርቅ ልጠብቅ አልኩ።

እየጠበቅሁ ሳለ ብሩሹን ነክሬ አረጠብኩት። ሦስት ጊዜ።


ጳጉሜን 2፣ እሁድ

እንደሆነው ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ኢንሳፍ ትንሽ ቦርሳ ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች። ወፍራም ካልሲ፣ የስፖርት ጫማ፣ ክሩ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ስህን ለነገው ሩፋኤል ልትጠራን መጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«የት ነው?» አልኳት።

«አርዲቦ። እነ ሀውራ ጋ። ሦስት ቀን።»

«አርዲቦ በዚህ ጫማ?»

«ጭቃ ነው እማ።»

ሳመችኝ። አንገቴ ስር ነው የሳመችኝ፤ አቆየችው። ከዚያ ስህንን ሳመቻት። ስህን ምንም አላወቀችም፤ «ነይ ንፍሮ ላስይዝሽ» ትላለች።

ምላጩ ከብሩሾቹ ጋር ኩባያው ውስጥ ነበር። ተማሪዎቼን የማስተምረው በጠርዙ ዙሪያ እንዲቆርጡ ነው፤ ከታች ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይቀደድ። እጄ ወደ መሀሉ ሄደ። ያን የጠቆረ መስመር ተከትዬ ወደ ታች ቆረጥኩ፤ ወደ ጎን፤ እንደገና ወደ ላይ።

«ኧረ ስዕልሽን! ምን ነካሽ!» ስህን ተነሳች።

ወረቀቱ እንደ በር ተከፈተ። ፌስታሉን አወጣሁ። ለኢንሳፍ ዘረጋሁላት።

ስህን «የሰማዕቱ ያለህ» አለች፤ መጀመሪያ ጮክ ብላ፣ ቀጥላ ቀስ ብላ፣ ነገሩ ሲገባት። ነጠላዋን አነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «አሁን አሻግሬ ጃንጥላውን ያስገባ ወይስ አያስገባ?» አለች። ቁጣ ይሁን ቀልድ አላውቅም። መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

ኢንሳፍ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፌስታሉን ፈታች። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች።

«ዱዓው ላይ» አለች ሳታየኝ፣ «ብቻሽን አሚን ያልሽው። ምን እያሰብሽ ነበር?»

«አሚን ነው ያልኩት።»

«የጠፋው ይገኝ ብለሽ?»

«አዎ። ከልቤ።»

ውሸት አልነበረም። እንዴት ውሸት እንዳልነበረ ላስረዳት አልቻልኩም።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

አላለችኝም።

የዙሌይካን ነገር ነገርኳት። ሻይ ቤቱን፣ ቅጹን፣ ሃያ አምስት ብዬ መጻፌን። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ይገባታል ብዬ፣ ለምን እንዳደረግሁት ታያለች ብዬ።

«እማ፣ አክስቴ ቁጥሯን የቀየረችው ካንቺ ለማረፍ ቢሆንስ?»

ይህን አስቤው አላውቅም።

አስቤው አውቃለሁ።

ውጭ ባጃጅ ቆመ። ጡሩንባ ነፋ። ኢንሳፍ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ። በስልክ ያወራችውን እንደሰማሁ፣ ባጃጁ የማን እንደሆነ እንደማውቅ ያን ጊዜ ገባት። ሁለተኛ ነፋ። አትሂጂ የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ነበር። ቁጭ አልኩበት። እጆቼን ጭኖቼ ስር ከትቼ እንደ ተማሪ ቁጭ አልኩ። ሦስተኛ ነፋ፤ ረጅም።

ኢንሳፍ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች። ሁለት ጊዜ ስለተቋጠረ አልፈታ አላት። አልረዳኋትም።

ባጃጁ ሄደ።

«ስዕሉን ወድጄው ነበር» አለች አንዱን ጫማ ይዛ። «ከሳልሻቸው ሁሉ እሱን ብቻ ነው የወደድኩት። በየቀኑ እየመጣሁ አየው ነበር።» ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለፓስፖርቱ አላለቀሰችም።


ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ከደሴ ተመልሰናል።

ጠዋት ስንወጣ የሩፋኤል ዝናብ ይዘንባል። የስህን ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ጠበሉ ነው እያሉ ግቢው ውስጥ ይሮጣሉ። ስህን በራቸው ላይ ቆማለች። ሰላም አልኳት። ቆየችና በእጇ መለሰችልኝ። ሙሉ ሰላምታ አይደለም፤ ግን መለሰች።

«አብሬሽ ልምጣ?» ብዬ ነበር ኢንሳፍን። ጠይቄ ነው። «እንደፈለግሽ» አለች። በሚኒባሱ እሷ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ሐይቁ አለፈ፣ ጉም ለብሷል። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ደላላው መሰለኝ። ዘጋችው።

ኤጀንሲው ደረጃ ላይ ሰልፍ ነበር። ሁሉም ሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ከኢንሳፍ ያንሳሉ፤ ቅጻቸው ላይ ምን እንደተጻፈ አላየሁም። ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ማህደሩን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ፓስፖርት።»

«እሷ ጋ ነው» አልኩት።

ኢንሳፍ ከደረቷ ስር አወጣችው። ወዲያው አልሰጠችውም። ልጁ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ከኋላችን ያለችው ሴት «እህቴ፣ ቶሎ በይ እንጂ» አለች።

ሰጠችው።

ለመስከረም ሃያ ገደማ ነው አላት በረራው፤ ይደወልልሻል። ከዚያ ፓስፖርቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለው። ሽፋኑ ላይ፣ ከታች በኩል፣ ጣት የሚያህል ወይን ጠጅ እድፍ አለ። ዳሩ ተሸብሽቧል። ፌስታሉ ቀዳዳ ነበረው።

በአውራ ጣቱ ፈተገው። አልለቀቀም። «ይሄ ምንድነው?»

እኔ ልመልስ አፌን ከፈትኩ።

«ዝናብ ነው» አለች ኢንሳፍ።

«የሐይቅ ዝናብ ወይን ጠጅ ነው እንዴ?»

«ዘንድሮ ክረምቱ ከባድ ነበር።»

ልጁ ሳቀ። ውስጡን ገልጦ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየ፤ ገጾቹ ንጹሕ ናቸው። ክምሩ ላይ አኖረው።

አላረምኳትም።